የባጀት ጥያቄና የሕዝብ ነፃነት፤ በፕሮፌሰር ዳኒ ሮድሪክ መጽሐፍ ላይ የቀረበ ሂስ

በኤኮኖሚክስ ክፍላችን ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የቆየ አንድ መጽሐፍ አለ። ይኸውም በኢስታንቡል ተወልደው በአሜሪካ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ፕሮፌሰር ዳኒ ሮድሪክ በ2011 ዓ.ም. ያሳተሙት «የግሎባላይዜሽን ፓራዶክስ» የተባለው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወሮች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) መጽሐፉ ከወጣ ብዙ ዓመት ቢያልፈውም፣ በክርክር ጊዜ ከጓደኞቻችን አንዱ ተነሥቶ «ሦስቱን አንድ ላይ ማግኘት አይቻልም» ያለ እንደ ሆነ፣ ነገሩ እንዳለቀ ተቈጥሮ ሁሉም ዝም ይላል። እኛ ግን ነገሩ ያለቀ አይመስለንም። መጽሐፉን የምናከብረው ብንሆንም፣ በአንድ ዋና ነገር ላይ ጐደሎ ሆኖ ስላገኘነው ይህን አስተያየት ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወደድን።

የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ እንዲህ ነው። አንድ አገር ሦስት ነገሮችን ይመኛል። አንደኛው፣ ገንዘብና ዕቃ ድንበር ሳያግዳቸው እንዲወጡና እንዲገቡ፣ ማለት ኤኮኖሚው ከዓለም ገበያ ጋር ያለ ወሰን እንዲቀላቀል ነው። ሁለተኛው፣ መንግሥቱ በራሱ ወሰን ውስጥ ራሱ አዛዥ እንዲሆን ነው። ሦስተኛው፣ ያ መንግሥት ለሕዝቡ ድምፅ ታዛዥ እንዲሆን ነው። ደራሲው እንደሚሉት ከእነዚህ ሁለቱን መምረጥ ይቻላል እንጂ ሦስቱን መያዝ አይቻልም። ገበያንና መንግሥትን የመረጠ ሕዝቡን ዝም ማሰኘት ግድ ይሆንበታል፤ ገበያንና ሕዝብን የመረጠ ከአገሮች በላይ የሆነ የዓለም አስተዳደር ማቋቋም ይኖርበታል፤ መንግሥትንና ሕዝብን የመረጠ ደግሞ ገበያውን በልጓም መያዝ አለበት። ፕሮፌሰሩ የሚወዱት ይህን የመጨረሻውን ነው።

የፊተኛውን ምርጫ አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ቶማስ ፍሪድማን በ1999 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ «የወርቅ ማሰሪያ ጃኬት» ብሎ ጠርቶት ነበር፤ እብድ እንዳይንቀሳቀስ እጁን የሚያስሩበት ዓይነት ልብስ፣ ነገር ግን ከወርቅ የተሠራ፣ ማለቱ ነው። ፍሪድማን ወርቁን ሲያደንቅ ሮድሪክ ማሰሪያውን ያሳዩናል። ለዚህም የአርጀንቲናን ታሪክ ይጠቅሳሉ። ይህች አገር በ1991 ዓ.ም. አንዱን ፔሶ በአንድ ዶላር ልክ በሕግ አስራ ነበር። በ2001 ዓ.ም. መንግሥቱ የውጭ ባለገንዘቦችን እምነት ለመጠበቅ ሲል ከሠራተኞቹ ደመወዝና ከጡረተኞች አበል ላይ 13 በመቶ ቀነሰ፤ ቀጥሎም ሰው ከባንክ የሚያወጣውን የገዛ ገንዘቡን በልክ አደረገበት። ሕዝቡ በዲሴምበር ወር ወደ አደባባይ ወጣ፣ ፕሬዚዳንቱም ሥልጣኑን ለቀቀ፣ አገሪቱም ዕዳዋን መክፈል አቆመች። ገበያው ቀና ብሎ የሚያየው አንዱን ወገን ሲሆን መራጩ ግን ሌላ ወገን ነው፤ ሁለቱን ጌቶች እኩል ማገልገል አልተቻለም።

ስለ መንግሥት ወጪ ደራሲው የሚሉት ነገር ደግሞ በተለይ መታየት የሚገባው ነው። በ1998 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ ለውጭ ንግድ ይበልጥ ክፍት የሆኑት አገሮች ይበልጥ ትልቅ መንግሥት ያላቸው ሆነው እንዳገኟቸው ገልጠዋል። ምክንያቱ ሲታሰብ ግልጽ ነው። የቡና ዋጋ በለንደንና በኒውዮርክ ሲወድቅ የሚጐዳ ሕዝብ፣ የሚደግፈው ትምህርት ቤት፣ ሐኪም ቤትና ጡረታ ከሌለው ለገበያው በሩን ክፍት ማድረግን አይቀበልም። ስለዚህ የዓለም ገበያ የመንግሥትን ወጪ ከፍ ያደርጋል። ነገር ግን ያው ገበያ ገንዘብ ያለው ሰው ገንዘቡን ይዞ ወደ ሌላ አገር እንዲሻገር ስለሚፈቅድ ግብር የሚከፈልበትን ምንጭ ያደርቃል። በዚህ በኩል ወጪው ይጨምራል፣ በዚያ በኩል ገቢው ይሸሻል፤ በመካከል ያለው የገንዘብ ሚኒስትር ከመሸሽ አቅም የሌለውን፣ ማለት ደመወዝተኛውንና ዳቦ ገዢውን ይመለከታል። ይህ የመጽሐፉ ክፍል ብቻውን መጽሐፉን ለማንበብ በቂ ምክንያት ነው ብለን እናምናለን።

መጽሐፉ ከታተመ በኋላ የሆነው ነገርም ለደራሲው መሰከረላቸው። በዚያው በ2011 ዓ.ም. ኦክቶበር መጨረሻ የግሪክ ጠቅላይ ሚኒስትር ጆርጅ ፓፓንድሬዉ የአበዳሪዎቹን ውል ለሕዝብ ድምፅ እንደሚያቀርቡ አስታወቁ። ጥቂት ቀን ሳይቈይ በካን ከተማ ከአውሮፓ መሪዎች ጋር ተነጋግረው ሐሳባቸውን ተዉ፤ በኖቬምበርም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በቦታቸው የገቡት ሉካስ ፓፓዲሞስ የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩ ሰው ናቸው፤ ማንም መራጭ አልመረጣቸውም። በ2013 ዓ.ም. ከመቶ ሠራተኛ 27 ያህሉ ሥራ አጥ ሆነ። በጃንዋሪ 2015 ዓ.ም. ሕዝቡ ቍጠባውን እናስቀራለን ያለውን ወገን መረጠ። በጁላይ 5 ቀን በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከድምፅ ሰጪዎቹ ከ61 በመቶ በላይ «አይሆንም» አሉ። ድምፁ የተሰጠው ባንኮች ተዘግተው፣ ሰው በቀን ከ60 ዩሮ በላይ ከመሣሪያው እንዳያወጣ በተከለከለበት ሳምንት ነበር። ከስምንት ቀን በኋላ ያው መንግሥት ሦስተኛውን የብድር ውል ተቀበለ።

በዚያ ስምምነት መግለጫ ውስጥ ያለው አንድ ዐረፍተ ነገር ከሁሉ ይልቅ አሳስቦናል። የዐሥራ ዘጠኝ አገሮች መሪዎች ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጠው ከተስማሙባቸው ነገሮች መካከል የእሑድ ንግድ፣ የመድኃኒት ቤት ባለቤትነት፣ የወተትና የዳቦ መጋገሪያ ሕግ ይገኙባቸዋል። አበዳሪ የብድሩን መጠንና የሚመለስበትን ጊዜ ቢወስን አያስገርምም። ነገር ግን በአቴና ከተማ ዳቦ ማን እንዴት እንደሚጋግር ብራስልስ ላይ ሲወሰን፣ የምክር ቤት አባል የሚሆን ሰው ምን ሥራ ይቀርለታል?

ከዚህ ላይ ነው ከደራሲው ጋር መለያየት የምንጀምረው። በአንድ ባጀት ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንዱ «ስንት?» ነው፤ ሁለተኛው «ከማን?» ነው። ስንት ገንዘብ መሰብሰብ ወይም መቀነስ እንዳለበት አንድ ጥያቄ ነው፤ ያ ገንዘብ ከማን ኪስ እንደሚወጣ፣ ከማንስ ማዕድ እንደሚቀነስ ሌላ ጥያቄ ነው። ሮድሪክ ሁለቱን እንደ አንድ ያዩአቸዋል። በእሳቸው ሦስት ማዕዘን ላይ ሕዝቡ አንዲት ነጥብ ነው፤ ወይ ይደመጣል ወይ አይደመጥም። በግሪክ አገር ሁለቱም ጥያቄዎች ከአገሪቱ እጅ ስለ ወጡ የደራሲው ሥዕል ትክክል ሆኖ ታየ። በሌላው አገር ግን የመጀመሪያው ጥያቄ በውጭ ሲወሰን ሁለተኛው በቤት ውስጥ ይቀራል፤ እጃችን ታስሯል የሚል ገዥ ሁሉ ደግሞ ሁለተኛው እንዳይጠየቅ የመጀመሪያውን ጮክ ብሎ ይናገራል።

ይህን ለመረዳት ከእኛ አንዳንዶቻችን መጽሐፍ አላስፈለገንም። በአንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት አዳሪ ሆነን በተማርንበት ጊዜ የወጪው ገንዘብ በየዓመቱ ከባሕር ማዶ ይመጣ ነበር። አንድ ዓመት ገንዘቡ ቀንሶ መጣ። እኛም ተሰብስበን ገንዘቡ እንደ ቀነሰ፣ ስለዚህም የማታው ዳቦ ግማሽ እንደሚሆን ተነገረን። ማንም አልተቃወመም፤ የመጣው ደብዳቤ እውነት ነበርና። በዚያው ወራት የእንግዳ ማረፊያው ቤት አዲስ ቀለም ተቀባ። ደብዳቤው ስለ ቀለምም ስለ ዳቦም የሚለው ነገር አልነበረም። ነገሩ ትንሽ ነው፣ ያስተዳደሩንንም ለመውቀስ አላነሣነውም፤ ነገር ግን በ2024 ዓ.ም. ከኬንያ የመጣውን ወሬ ስንሰማ ወዲያው ትዝ ያለን ይኸው ነው።

ኬንያ በ2014 ዓ.ም. በዓለም ገበያ የተበደረችው 2 ቢሊዮን ዶላር በጁን 2024 ዓ.ም. የሚከፈል ነበር። እርሱን ለመክፈል በፌብሩዋሪ ወር 1.5 ቢሊዮን ዶላር እንደገና ስትበደር ገበያው የጠየቃት ከመቶ ከ10 በላይ ነው፤ የፊተኛው ብድር ወለድ 7 እንኳ አይሞላም ነበር። ዕዳና ወለድ መክፈል ከመንግሥቱ ገቢ ከግማሽ በላይ ይወስድ ነበር። ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅትም ጋር ከ2021 ዓ.ም. ጀምሮ የተያዘ ውል ነበረ። እንግዲህ «ስንት?» የተባለው ጥያቄ መልሱ አብዛኛው ከናይሮቢ ውጭ እንደ ተጻፈ አንክድም። መንግሥቱ 346 ቢሊዮን ሽልንግ የሚያስገባ የግብር ሕግ ለምክር ቤቱ አቀረበ። በመጀመሪያው ረቂቅ ውስጥ በዳቦ ላይ 16 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በምግብ ዘይት ላይ 25 በመቶ ኤክሳይዝ፣ በመኪና ላይ በየዓመቱ የሚከፈል ግብር ነበሩበት።

የገንዘብ ድርጅቱ የግብር ነፃ መብቶች እንዲቀነሱ መምከሩ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ከብዙ ነገሮች መካከል ዳቦና ዘይትን አንሥቶ በረቂቁ ላይ የጻፈ እጅ የኬንያ መንግሥት እጅ ነበር። ወጣቶቹም ያዩት ይህንኑ ነው። ረቂቁን ወደ ስዋሂሊና ወደ ሌሎች ቋንቋዎች እየመለሱ፣ አንቀጽ በአንቀጽ እየተረጐሙ በስልካቸው አሠራጩት። እኛ በክፍል ውስጥ የባጀት ሠንጠረዥ ሲሰጠን የምናዛጋ ተማሪዎች፣ እኩዮቻችን የግብር ሕግ ረቂቅ እንደ ልብ ወለድ ሲያነቡ አይተን ማፈራችንን አንሸሽግም። መንግሥቱ በጁን 18 ቀን የዳቦውን፣ የዘይቱንና የመኪናውን ግብር አነሣ፤ እነርሱ ግን ሕጉ በሙሉ ይቅር አሉ። በጁን 25 ቀን 195 የምክር ቤት አባሎች ደግፈው 106 ተቃውመው ሕጉ አለፈ። በዚያኑ ዕለት ሕዝቡ ወደ ምክር ቤቱ ገባ፣ ፖሊስም ተኰሰ። በእነዚያ ሳምንታት 60 ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ የአገሪቱ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን አስታውቋል። በማግሥቱ ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ ሕጉን አልፈርምም አሉ።

የሙታኑን ቍጥር ጽፈን ወደ ሒሳብ መመለስ ይከብዳል፤ ነገር ግን ሒሳቡ የነገሩ ቍልፍ ነው። በጁላይ 5 ቀን ፕሬዚዳንቱ በቀረው 346 ቢሊዮን ምትክ 177 ቢሊዮኑ ከወጪ እንደሚቀነስ፣ 169 ቢሊዮኑ በብድር እንደሚሸፈን ተናገሩ። 47 የመንግሥት ድርጅቶች እንደሚፈርሱ፣ የመንግሥት አማካሪዎች ቍጥር በግማሽ እንደሚቀነስ፣ ለፕሬዚዳንቱና ለምክትላቸው ባለቤቶች ቢሮ የተመደበው ገንዘብ እንደሚነሣ አስታወቁ። ከሁለት ሳምንት በፊት ምንም አማራጭ የለም ይባል ነበር። አማራጩ በዚያው መዝገብ ውስጥ፣ ጥቂት ገጽ ወረድ ብሎ ተጽፎ ይገኝ ነበር። ለዚህ ነው የሮድሪክ ሦስት ማዕዘን ለኬንያ አይበቃም የምንለው። ወርቃማው ጃኬት አገሪቱን አስሮ ነበር፤ ግን የታሰረችውን ያህል ታስራለሁ ብላ የተናገረችው መንግሥቷ ነበር።

አንድ አንባቢ፣ «ኋላስ ምን ሆነ?» ቢለን ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በጁላይ 8 ቀን ሙዲስ የተባለው የብድር መዛኝ ድርጅት ሕጉ መቅረቱን ምክንያት አድርጎ የኬንያን ደረጃ ዝቅ አደረገ። የሕዝቡ ድምፅ በተሰማ በሁለተኛው ሳምንት የገበያው ድምፅ ተሰማ ማለት ነው፤ ሮድሪክ ይህን ቢጨምሩበት መጽሐፋቸው አንድ ምዕራፍ ያገኝ ነበር። በዲሴምበር ወርም ከቀሩት ግብሮች አንዳንዶቹ በሌላ ሕግ ተመልሰው መጡ። ስለዚህ ወጣቶቹ አሸነፉ ብለን አንጽፍም። የምንለው ከዚህ ያነሰ ነው። የ2010 ዓ.ም. የኬንያ ሕገ መንግሥት በ201ኛው አንቀጽ፣ በገንዘብ ጉዳይ ላይ ግልጽነትና የሕዝብ ተሳትፎ እንዲኖር ያዛል። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በጁላይ 31 ቀን 2024 ዓ.ም. የባለፈውን ዓመት የግብር ሕግ ተሳትፎው ጐድሎአል ብሎ ሽሮት ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኦክቶበር ውሳኔውን ገለበጠ። ቢገለበጥም፣ «ከማን?» የሚለው ጥያቄ ከአደባባይ አልፎ ፍርድ ቤት የሚቆምበት ቦታ ያገኘ መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። ደራሲው ገበያውን በልጓም ስለ መያዝ ብዙ ገጽ ሲጽፉ፣ ስለ እንዲህ ያለው ተቋም የጻፉት እጅግ ጥቂት ነው።

ደራሲው የሚያወድሱት ዘመን ደግሞ አለ። በጁላይ 1944 ዓ.ም. በብሬተን ውድስ የተደረገው ስምምነት አገሮች የገንዘብን መውጣትና መግባት እንዲቈጣጠሩ ፈቅዶላቸው ስለ ነበር፣ ንግድም የሕዝብ ነፃነትም አንድ ላይ አደጉ ይላሉ። ለማን? ከ44ቱ ልዑካን መካከል ከአፍሪካ የተገኙት የግብፅ፣ የላይቤሪያ፣ የደቡብ አፍሪካና የኢትዮጵያ ብቻ ነበሩ። ጣልያን ከአገራችን ከወጣ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ከልዑካኖቻችን አንዱ ብላታ ኤፍሬም ተወልደ መድኅን ሲሆኑ ሌላው የመንግሥት ባንክ ገዥ የነበሩት አሜሪካዊው ጆርጅ ብላወርስ ናቸው። ኬንያ በእንግሊዝ ሥር ስለ ነበረች ወንበር አልነበራትም። እንግሊዛዊውና ፈረንሳዊው መራጭ ያገኘውን የባጀት ነፃነት በቅኝ የተያዘው ሕዝብ አላገኘውም። ፕሮፌሰሩ ይህን የማያውቁ ሰው አይደሉም፤ ነገር ግን የመጽሐፋቸው መድኃኒት ከዚያ ዘመን የተቀዳ ስለ ሆነ፣ ለማን ተቀምሞ እንደ ነበር መጠየቅ ተገቢ ነው። በራሱ ገንዘብ የሚበደር አገር ልጓሙን ቢጨብጥ ፈረሱ ይቆምለታል። ዕዳው በዶላር የተጻፈበት አገር ድንበሩን ዛሬ ቢዘጋ ነገ የሚከፈለው ወለድ ግን አይቆምም።

ይህ ሁሉ ለእኛ የሩቅ ወሬ እንዳልሆነ የሚረዳ ይረዳዋል። ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. ከዓለም ገበያ 1 ቢሊዮን ዶላር ተበድራ በዲሴምበር 2023 ዓ.ም. የሚከፈለውን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀርታለች። በጁላይ 29 ቀን 2024 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ በዚያው ቀን የገንዘብ ድርጅቱ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ውል አጸደቀ። በኖቬምበር ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 582 ቢሊዮን ብር ያህል ተጨማሪ ባጀት አጸደቀ። በእነዚያ ወራት በመኝታ ቤታችንም በሻይ ቤቱም የነበረው ክርክር ስለ ምንዛሪው ብቻ ነበር። ዶላሩ ዛሬ ስንት ገባ እየተባለ በየቀኑ ይጠየቃል፤ ከመካከላችንም የገንዘብ ድርጅቱን የሚደግፍና የሚረግም ሁለት ጎራ ተፈጠረ። የተጨማሪው ባጀት ዝርዝር ከማን ይሰበሰባል፣ ለማን ይሰጣል ብሎ የጠየቀ ግን በቍጥር ነበር። እኛም ራሳችን ከማይጠይቁት መካከል ነበርን። ሮድሪክን ያነበብን ተማሪዎች ስለ ነበርን፣ ነገሩ ሁሉ በዋሽንግተን ያለቀ መስሎን ነበር።

መጽሐፉን ላላነበቡት እንዲያነቡት እንመክራለን፤ በተለይ ስለ አርጀንቲና የሚናገረውን ዘጠነኛውን ምዕራፍ። ከዚያ ቀጥሎ የአገራቸውን የባጀት አዋጅ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ይመልከቱ። በዚህ አስተያየታችን የማይስማሙ መምህራንና ጓደኞች ካሉ፣ በተለይም «ስንት?» እና «ከማን?» ብለን የለየናቸው ጥያቄዎች በእውነት አይለያዩም የሚሉ ቢኖሩ፣ በሚቀጥለው እትም እንዲጽፉልን እንለምናለን። ከክፍላችን አንድ ጓደኛችን ግሪክን በተመለከተ ተሳስታችኋል፣ በዚያም ቢሆን የመርከብ ባለቤቶቹን ግብር ማን እንደ ጠበቀላቸው መርምሩ ብሎ አሁኑኑ ብዕሩን አንሥቷል።